ጥያቄና መልስ፦ አበል እየተቀበልኩ የሰው ልጅ ባሳድግ ዋጋ አለኝ ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው ለንደን ነው፣ ልጆቼ አድገው ሲወጡ ቤቱ ጭር ሲልብኝ ፎስተር ኬረር ሆንኩ፣ ከመንግሥት አበል እየተቀበልኩ የሰው ልጅ በአደራ አሳድጋለሁ። አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ አመጡልኝ፣ መጀመሪያ ሰሞን ትራሷ ሥር ዳቦ ትደብቅ ነበር፣ 14 ወር አሳድጌያት ለአክስቷ ሰጧት፣ ከዛ ወዲህ ልቤ እንደተሰበረ ነው። አሁን ደሞ አማርኛ ስለምችል አንድ የ15 ዓመት የወሎ ልጅ አምጥተውልኛል፣ በሊቢያ በኩል ብቻውን የመጣ፣ ሙስሊም ነው። ሰዎች «ብር እየተቀበልሽ ምን ጽድቅ አለው» ይሉኛል። ለልጁ ሐላል ሥጋ መሥራቴ፣ በረመዳን ለሱሁር፣ ከንጋት በፊት ለሚበላው ምግብ፣ መቀስቀሴስ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እናቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንዴት ሰነበቱ። ቶሎ ስለሚያልቅ ከብሩ ልጀምር። ዘፀአት ምዕራፍ 2ን ያውጡና ይዩት፣ የፈርዖን ልጅ ሙሴን ከውሃ አውጥታ ለገዛ እናቱ ስትሰጣት «ይህን ሕፃን ወስደሽ አጥቢልኝ፥ ዋጋሽንም እሰጥሻለሁ» ነው ያለቻት። እናት ልጇን በደሞዝ አጠባች፣ ማንም ወተትሽ ረከሰ አላላትም። ደጉ ሳምራዊም ቁስለኛውን ለእንግዶች ቤት ጠባቂ ሲሰጥ ሁለት ዲናር ከፍሎ «ከዚህም በላይ የምትከስረውን ሁሉ እኔ ስመለስ እከፍልሃለሁ» ብሎታል። ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) የሚሰጥዎት ያ ሁለቱ ዲናር ነው። ልጁ ሌሊት 9 ሰዓት በቅዠት ሲጮህ ተነሥተው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ የሚሉትን ግን የትኛው አበል ይከፍለዋል? እሱን ጌታ ሲመለስ ይከፍልዎታል። የልጁን ቀለብ ቆርጦ የራሱን ኪስ የሚሞላ ካለ ግን የድሀ አደግ ገንዘብ በልቷል፣ ይሄን ሳልናገር አላልፍም።

ስለ ትንሿ ልጅ። ማልቀስዎ የእምነት ማነስ አይደለም እናቴ፣ ጌታም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። ደሞ እኛ በቋንቋችን እንዲህ ያለውን ቤት የአደራ ቤተሰብ ነው የምንለው፣ አደራ ሲቀበሉት እንደሚመለስ ይታወቃል፣ ሲመልሱት ግን ያማል። ሐና ሳሙኤልን ጡት አስጥላ ለቤተ እግዚአብሔር ሰጥታ ተመለሰች፣ ከዛ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር ይላል መጽሐፉ (1ኛ ሳሙ 2፥19)። እኔ ሁሌ የሚገርመኝ ልኩ ነው፣ አጠገቧ የሌለ ልጅ ዘንድሮ ምን ያህል አድጎ ይሆን እያለች በልቧ ስትለካው ነው የምትከርመው። እርስዎም ሶሻል ወርከሯን፣ ጉዳይዋን የምትከታተለውን ሠራተኛ፣ ይጠይቁ፣ ከተፈቀደልዎት ለልደቷ ካርድ ወይ ሹራብ ይላኩላት፣ ካልተፈቀደ ስሟን በጸሎትዎ ያንሡ። ደሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ ዳቦ መደበቋን የተወችበት ቀን ትዝ ይልዎታል? አንሶላውን ሲያነሡ ምንም ያላገኙበት ጠዋት? ዋጋዬ የት አለ ላሉኝ፣ አንዱ እዛ ጋ ነው። ያቺ ልጅ ነገም ምግብ እንዳለ፣ ስታለቅስ የሚመጣ ሰው እንዳለ ከእርስዎ ቤት ተምራ ነው የሄደችው፣ ፊትዎን ብትረሳው እንኳ ይሄ አብሯት ይኖራል።

አሁን ወደ ወሎው ልጅ። እኔም ደሴ ነው ያደግኩት፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ድግስ ሲጠሩን ለክርስቲያን ተብሎ ለብቻው ይታረድልን ነበር፣ እኛም ስንጠራቸው እንደዛው ነበር፣ ድስቱም ቢላውም ለየብቻ፣ ፍቅሩ ግን አንድ። እና ሐላል ሥጋ ገዝተው በራሱ ድስት ቢሠሩለት እርስዎ አልበሉትም፣ ጾምም ቢሆን ለልጅ ሥጋ ማብሰል ጾም መግደፍ አይደለም፣ ምላስዎ ላይ ካላደረጉት ምን አለ። ሱሁርም ይቀስቅሱት። ኢዮብ «እንጀራዬን ብቻዬን በልቼ፣ ድሀ አደጉም ከእርሱ ሳይበላ ቀርቶ እንደሆነ» ብሎ ሲምል (ኢዮ 31፥17) የድሀ አደጉን ሃይማኖት አልጠየቀም። ልብዎ ካላረፈ ንስሐ አባትዎን ያማክሩ።

አንድ የምፈራልዎት ነገር አለ፣ በፍቅር ብለው ተኝቶ ሳለ ጠበል እንዳይረጩት፣ ማዕተብ እንዳያስሩለት። የእንግሊዝ የ1989ኙ የሕፃናት ሕግም ካውንስሉ ስለ ልጁ ሲወስን ሃይማኖቱን፣ ባህሉንና ቋንቋውን ግምት ውስጥ እንዲያስገባ ያዝዛል፣ ሕጉ ባይኖርም ግን እምነት በድብቅ አይሰጥም። ራሱ ከጠየቀዎት የሚያምኑትን በቀስታ ይንገሩት፣ ሶሻል ወርከሩም ይወቅ።

እናቱ ወሎ ካሉ፣ ልጁም ደውሎ የሚያገኛቸው ከሆነ፣ እርስዎም አንዴ ስልኩን ተቀብለው ሰላም ይበሏቸው። ልጃቸው የት እንደሚያድር ሳያውቁ ስንት ሌሊት እንዳሳለፉ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። «ሱሁሩን በልቶ ነው የተኛው፣ ሃይማኖቱንም አልነካሁበትም» ብለው በራስዎ አንደበት ይንገሯቸው።