አምፑ 16፣ ሳጥኑ 8፦ የአቴኑዌተር ጥያቄና መልስ

አያት ጫፍ ላይ ቤቴ ውስጥ የጊታር አምፕ (ድምፅ ማጉያ) እጠግናለሁ። ሰሞኑን አቴኑዌተር የገዙ ልጆች ጥያቄ አበዙብኝ። ለማያውቀው፦ በቲዩብ አምፑ (በመስታወት ቱቦ በሚሠራው) እና በእስፒከሩ መሃል ገብቶ ጉልበቱን ወደ ሙቀት የሚቀይር ሳጥን ነው። አምፑን ከፍተህ ጎረቤት ሳታስቀይም ትጫወታለህ። የመጣውን ሁሉ ልመልስ።

ጋሼ፣ አምፔ ከኋላው 4፣ 8 እና 16 ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ) መምረጫ አለው። እስፒከሬ 16 ነው፤ አቴኑዌተሩ ግን 8 ብቻ ይላል። የቱ ላይ ላድርገው? (ከቱሉ ዲምቱ)

8 ላይ። አምፑ ፊት ለፊት የሚያገኘው ሳጥኑን ነው። በደንብ ቀንሰህ ከተጫወትክ አብዛኛውን ጉልበት ሳጥኑ ስለሚበላው የእስፒከሩ 16 መሆን ብዙም አያስጨንቅም። ትንሽ ብቻ ስትቀንስ ግን የእስፒከሩ 16 አምፑም ጋ ይደርሳል። ባይፓስ (ሳጥኑን ዘሎ በቀጥታ ወደ እስፒከሩ) ላይ ካደረግከውማ ሳጥኑ የለም ማለት ነው፤ አምፑን አጥፋና መምረጫውን ወደ 16 መልሰው። እየሠራ አታዙረው፣ አደራ።

ኦሙ ባይገጥም ምን ይመጣል? (ከሰበታ)

የተሰካው ኦም ከመምረጫው ካነሰ ቲዩቦቹ ብዙ ከረንት ይስባሉ፤ ቶሎ ያልቃሉ። ከበለጠ ጉልበቱን ከቲዩቦቹ ወደ እስፒከሩ የሚያሻግረው አውትፑት ትራንስፎርመር ላይ ቮልቴጅ ይወጣል። አንዳንድ አምፕ የእጥፍ ልዩነት ይችላል፤ እኔ ግን በሰው አምፕ አልሞክረውም።

ከሁሉም የከፋው ምንም ሳይሰካ መጫወት ነው። አንድ ማታ መብራት ሄደ። በጨለማ ስደናበር የእስፒከሩን ገመድ በእግሬ ነቅዬዋለሁ፤ አላወቅኩም። መብራት መጣ፣ አምፑ ሞቀ፣ አንድ ኮርድ መታሁ። ዝም። ድምፁን ጨመርኩና ደገምኩት። ከውስጥ «ጣ!» አለ፤ ከዚያ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ። አውትፑት ትራንስፎርመሩ አለቀለት። አምፑ ደግሞ የእኔ አልነበረም።

8 የሚል እስፒከር ገዛሁ። በቴስተር ስለካው 6.5 ነው። ተሸወድኩ እንዴ? (ከለገጣፎ)

አልተሸወድሽም፣ እህቴ። ቴስተሩ የጥቅልሉን ሽቦ ብቻ ነው የሚለካው። ኢምፒዳንስ (እስፒከሩ ሲሠራ የሚያሳየው ጠቅላላ ተቃውሞ) ግን ድምፁ በወፈረና በቀጠነ ቁጥር ይቀያየራል። 8 ኦም እስፒከር ቴስተር ላይ ከ6 እስከ 7 ማንበቡ ጤናማ ነው። 16ቱ ደግሞ 12 ወይም 13 አካባቢ ያሳያል።

ለ50 ዋት አምፕ 50 ዋት የሚችል ሳጥን ይበቃል?

አይበቃም። 50 የተባለ አምፕ እስኪጮህ ከተከፈተ ከዚያ በላይ ያወጣል። 100 የሚችል ግዛ። ስትጫወት በእጅህ ንካው፤ ይግላል። ጨርቅ ጣል አታድርግበት።

ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ስንት ልቀንስ?

10 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ስትቀንስ 50 ዋቱ 5 ይሆናል፤ ጆሮህ ግን ግማሽ ያህል የቀነሰ ነው የሚመስለው። 20 ስትቀንስ ግማሽ ዋት ይቀራል። እሱም በጊታር እስፒከር ቀላል እንዳይመስልህ፤ ግድግዳው ስስ ነው።

በጊታር ገመድ ላገናኘው?

በፍጹም። ሽቦው ቀጭን ነው። የእስፒከር ገመድ ተጠቀም፤ ከአምፑ ወደ ሳጥኑም፣ ከሳጥኑ ወደ እስፒከሩም።

ቀንሼ ስለምጫወት ቲዩቡ ይቆይልኛል?

አይቆይልህም። አንተ ሹክሹክታ ብትሰማም ቲዩቡ እንደተከፈተው ነው የሚለፋው። መለወጫ ቲዩብ ከወዲሁ ፈልግ።