ኒኬይ 225፦ የጃፓን የአክሲዮን ገበያ ጠቋሚ እንዴት ይሠራል? የቀድሞ ከፍታውን ለማለፍስ ለምን ሠላሳ አራት ዓመት ፈጀበት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

(በዚህ ዓምድ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ የጃፓን የአክሲዮን ገበያ በ1989 የደረሰበትን ከፍታ ያለፈው በ2024 ነው ሲባል በሬዲዮ ሰማሁ። ኒኬይ የሚሉት ቁጥር ምንድን ነው? የሚያወጣው መንግሥት ነው? «ነጥብ» ሲባልስ የን ማለት ነው? በሙያዬ የሒሳብ መምህር ስለሆንኩ፣ ስሌቱን በቁጥር ቢያሳዩኝ ለተማሪዎቼም ይጠቅመኛል። አንባቢ፣ ከደሴ።

መልስ፦ ክቡር መምህር፣ ኒኬይ 225 በቶኪዮ የአክሲዮን ገበያ ከሚሸጡ በጣም ብዙ ኩባንያዎች መካከል የተመረጡ 225 ኩባንያዎችን ዋጋ በአንድ ቁጥር የሚገልጽ ጠቋሚ ነው። የሚያወጣው መንግሥት ሳይሆን ጋዜጣ ነው። ገበያው ከጦርነቱ በኋላ በ1949 ሜይ 16 ቀን ሲከፈት የነበረው ዋጋ መነሻ ተደርጎ፣ ጠቋሚው በዚያ ዕለት 176.21 እንደነበር ተሰልቷል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያሰላውም የቶኪዮ ገበያ ራሱ ነበር። በ1970 ሥራው ኒሆን ኬይዛይ ሺምቡን ወደተባለው የኢኮኖሚ ጋዜጣ ተላለፈ፤ «ኒኬይ» የሚለውም የዚሁ ጋዜጣ አጭር ስም ነው። የትኛው ኩባንያ ይግባ፣ የትኛው ይውጣ የሚለውን የሚወስነው ጋዜጣው ሲሆን፣ በውሳኔው ውስጥ ኩባንያው በገበያው ላይ ምን ያህል እንደሚገበያይና ስድስቱ የኢኮኖሚ ዘርፎች ተመጣጥነው መወከላቸው ይታያል።

ወደ ስሌቱ ስንመጣ፣ ሦስት ኩባንያዎች ብቻ ያሉበት አንድ ትንሽ ገበያ እናስብ። የአንዱ አክሲዮን 1,000 የን፣ የሁለተኛው 2,000፣ የሦስተኛው 6,000 የን ነው። ድምሩ 9,000 ሲሆን ለሦስት ሲካፈል 3,000 ይሆናል፤ ጠቋሚያችን እንግዲህ 3,000 ነው። አሁን ባለ 6,000ው ኩባንያ ዋጋው በአሥር በመቶ ቢጨምር ድምሩ 9,600፣ ጠቋሚው 3,200 ይሆናል። በዚሁ ፋንታ ባለ 1,000ው ኩባንያ በአሥር በመቶ ቢጨምር ግን ድምሩ 9,100 ብቻ ስለሚሆን ጠቋሚው ከ3,033 አያልፍም። የሁለቱም ዕድገት አሥር በመቶ ሆኖ ሳለ ጠቋሚውን ያንቀሳቀሱበት መጠን በስድስት እጥፍ ይለያያል። የኒኬይ ዋነኛ ጠባይ ይህ ነው፦ ክብደት የሚሰጠው ለኩባንያው ትልቅነት ሳይሆን ለአንድ አክሲዮን ዋጋ ነው።

ተማሪዎችዎ ይበልጥ የሚወዱት ግን የሚቀጥለው ክፍል ይመስለኛል። ባለ 6,000ው ኩባንያ አንዱን አክሲዮን ለሁለት ቢከፍለው እያንዳንዱ 3,000 የን ይሆናል፤ አንድ የነበረው ባለአክሲዮን ሁለት ይኖረዋል እንጂ ማንም ምንም አላተረፈም፣ አልከሰረምም። ድምሩ ግን ከ9,000 ወደ 6,000 ይወርዳል፤ አሁንም ለሦስት ብናካፍለው ጠቋሚው 2,000 ሆኖ ገበያው የተናደ ያስመስላል። ስለዚህ ድምሩ እንዳለ ተትቶ አካፋዩ ይለወጣል፤ 6,000 ለሁለት ተካፍሎ እንደገና 3,000 ይሆናል። አንድ ኩባንያ ወጥቶ ሌላ ሲተካም የሚደረገው ይኸው ነው። በዚህ የተነሳ የኒኬይ አካፋይ ዛሬ 225 አይደለም፤ ለአሥርት ዓመታት ሲስተካከል ከመቆየቱ የተነሳ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። «ነጥብ»ም ከየን ዋጋዎች ቢመነጭም በየን የሚከፈልበት ነገር ስላልሆነ ነጥብ መባሉ ትክክል ነው።

ይህ አሠራር ቀላልነቱ ቢያስወድደውም ችግር አለበት። ዩኒክሎ የተባሉትን የልብስ መደብሮች የሚያስተዳድረው ፋስት ሪቴይሊንግ የተባለ ኩባንያ፣ የአክሲዮኑ ዋጋ ውድ በመሆኑ ብቻ፣ ከጠቋሚው ክብደት አንድ አሥረኛውን ያህል ለብቻው ይዞ የቆየበት ጊዜ አለ፤ በጠቅላላ ዋጋው ከጃፓን ኩባንያዎች ሁሉ ይበልጥ የነበረው ቶዮታ ግን ከእሱ በጣም ያነሰ ድርሻ ነበረው። ከዚህም የተነሳ አንድ ኩባንያ ከመጠን በላይ እንዳይገዝፍ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የክብደት ጣሪያ ተበጅቷል። ሙያተኞች ከኒኬይ ጎን ቶፒክስ የተባለውን ሌላ ጠቋሚ የሚመለከቱትም ስለዚሁ ነው፤ ቶፒክስ ከ1968 ጃንዩዋሪ 4 ቀን ዋጋ፣ ከመቶ ተነስቶ፣ እያንዳንዱን ኩባንያ በገበያ ዋጋው ልክ ይመዝናል። ኒኬይ የ1989ን ክብረ ወሰን ያለፈው በ2024 ፌብሩዋሪ ሲሆን ቶፒክስ ግን እስከ ጁላይ መጠበቅ ነበረበት። አገሩ አንድ፣ ገበያውም አንድ ሆኖ ሳለ በሁለት ሚዛን ሲለካ የማገገሚያው ቀን ከአራት ወር በላይ ተለያየ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ በሆስፒታል ውስጥ የምሠራ ስሆን፣ መሥሪያ ቤቴ በሚያጠራቅምልኝ የጡረታ ሒሳብ፣ ፎር-ኦ-ዋን-ኬ በሚሉት፣ ገንዘቤ የአክሲዮን ጠቋሚን በሚከተል ፈንድ ላይ ተቀምጧል። «ለረጅም ጊዜ ከያዝሽው ሁልጊዜ ያድጋል» ይሉኛል። የጃፓን ነገር ይህን አያፈርሰውም? አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ።

መልስ፦ እመቤት፣ ጥያቄዎ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ «ሁልጊዜ ያድጋል» የሚለውን ቃል በጃፓን ታሪክ ፊት ማንም ሊደግመው አይገባም ብዬ አምናለሁ። ታሪኩን ግን ከሥሩ እንየው፤ «ሠላሳ አራት ዓመት» የሚለው አነጋገርም ብዙ ነገር ይሸፍናልና።

ኒኬይ በ1950 ጁላይ ወደ 85 ነጥብ ዝቅ ብሎ ነበር። ያነሳው የኮሪያ ጦርነት ነው፤ ለአሜሪካ ጦር የሚቀርበው ዕቃ የጃፓን ፋብሪካዎችን አንቀሳቀሰ። በ1953 ማርች 5 ቀን የሶቪየቱ መሪ ስታሊን በጠና መታመሙ ሲሰማ ጦርነቱ ሊያልቅ ነው በሚል ፍርሃት ጠቋሚው በአንድ ቀን በአሥር በመቶ ወረደ። ከዚያ በኋላ ያለው የሠላሳ ዓመታት ዕድገት እውነተኛ ዕድገት ነበር፦ መርከብ፣ ብረት፣ መኪና፣ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን።

ነገሩ የተበላሸው ከ1985 በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር፣ በኒው ዮርክ ፕላዛ ሆቴል በተደረሰው ስምምነት የየን ዋጋ እንዲጠነክር ተደረገ፤ ላኪ ኩባንያዎች እንዳይጎዱ የጃፓን ማዕከላዊ ባንክ ወለዱን እየቀነሰ በ1987 ፌብሩዋሪ 2.5 በመቶ አደረሰው፣ በዚያም ከሁለት ዓመት በላይ አቆየው። የርካሽ ብድር ገንዘብ ወደ መሬትና ወደ አክሲዮን ጎረፈ። መንግሥት ኤንቲቲ የተባለውን የስልክ ድርጅት ለሕዝብ ሲሸጥ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 1,197,000 የን ነበር፤ ሕዝቡ በዕጣ ተሻምቶ ገዛው፤ በ1987 ፌብሩዋሪ ለገበያ በቀረበ በሁለት ወር ገደማ ውስጥ ያው አክሲዮን 3,180,000 የን ገባ። አክሲዮን ገዝቶ የማያውቅ ቤተሰብ ይህን በጎረቤቱ ሲያይ ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም። በ1985 መጨረሻ 13,113 የነበረው ኒኬይ በ1989 ዲሴምበር 29 ቀን፣ የዓመቱ የመጨረሻ የገበያ ዕለት፣ 38,915.87 ላይ ዘጋ። በአራት ዓመት ሦስት እጥፍ ማለት ነው፤ የኩባንያዎቹ ትርፍ ግን በዚያ መጠን አላደገም።

ማዕከላዊ ባንኩ ወለዱን ማሳደግ የጀመረው በ1989 ሜይ ሲሆን በ1990 ኦገስት 6 በመቶ አደረሰው። ኒኬይ 1990ን የጨረሰው ከ24,000 በታች ነው። በ1992 ኦገስት ወደ 14,309፣ በ2003 ኤፕሪል ወደ 7,607 ወረደ፤ በመጨረሻም የዓለም የገንዘብ ቀውስ ተጨምሮበት በ2009 ማርች 10 ቀን 7,054.98 ላይ ዘጋ። ከከፍታው 82 በመቶ ያህል ጠፋ፤ እንዲህ የወደቀ ነገር ወደ ቦታው ለመመለስ አምስት እጥፍ ተኩል ማደግ አለበት። በመካከሉ ባንኮች የማይመለስ ብድራቸውን ለዓመታት ደብቀው መያዛቸው ውድቀቱን አራዘመው። እዚህ ላይ የጠቋሚውን ጥፋትም መናገር ይገባል፦ በ2000 ኤፕሪል ጋዜጣው ከ225ቱ ኩባንያዎች 30ውን በአንድ ጊዜ ለወጠ። የሚገቡት አብዛኞቹ ዋጋቸው የናረ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ነበሩ፤ የቴክኖሎጂ ገበያውም ወዲያውኑ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ያለው ኒኬይ የገበያውን ውድቀት ከነበረው በላይ አግንኖ አሳይቷል የሚሉት ተቺዎች ምክንያት አላቸው።

መነሣቱ የጀመረው በ2012 መጨረሻ ሺንዞ አቤ ወደ ሥልጣን ሲመለሱ ነው። ማዕከላዊ ባንኩ ገንዘብ በብዛት ለቀቀ፤ ቀደም ሲል የጀመረውን የጠቋሚ ፈንዶች ግዢም አስፋፋ። ኩባንያዎች ለባለአክሲዮኖቻቸው እንዲያስቡ ግፊት ተደረገ፤ የየን መድከምም ላኪዎችን ጠቀመ። በ2024 ፌብሩዋሪ 22 ቀን ኒኬይ 39,098.68 ላይ ዘግቶ የ1989ን ክብረ ወሰን አለፈ፤ በ2025 ኦክቶበር ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ50,000 በላይ ዘጋ።

እንግዲህ ወደ እርስዎ ጉዳይ ልመለስ። ሠላሳ አራቱን ዓመት የጠበቀው፣ ያለውን ገንዘብ ሁሉ በዚያች የዲሴምበር ቀን አውጥቶ የገዛ ሰው ነው። ጠቋሚው ደግሞ ዋጋን ብቻ ስለሚለካ በየዓመቱ የተከፈለውን የትርፍ ድርሻ አይቆጥርም፤ ያንን እየተቀበለ መልሶ የገዛበት ሰው ካሳለፈው ጊዜ የተወሰነው ይቀነስለታል። እርስዎ ግን ከደመወዝዎ በየወሩ ነው የሚያስቀምጡት። የአንድ ፈንድ ድርሻ ዋጋው 40,000 የን ሲሆን በ40,000 የን አንድ ድርሻ ይገዛል፤ ዋጋው 10,000 ሲሆን በዚያው ገንዘብ አራት ይገዛል። በ80,000 አምስት ድርሻ ማለት ነው፤ የአንዱ አማካይ ዋጋ 16,000 ስለሚሆን ለማትረፍ 40,000 እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም። በክፉዎቹ ዓመታት ሳያቋርጡ የገዙ ጃፓናውያን ሁኔታ ይህን ይመስል ነበር። ያ የሚሆነው ግን ሥራቸውን ላላጡና ገንዘቡን በመሐል ላላወጡ ነው፤ በ1990ዎቹ ጡረታ የወጣ ሰው ይህ ዕድል አልነበረውም። ዕድሜዎ ወደ ጡረታ በቀረበ ቁጥር ከአክሲዮን ውጪ የሚያስቀምጡት ድርሻ እንዲጨምር የሚመከረውም ስለዚህ ነው።

ሌላው ፈንድዎ የሚከተለው ጠቋሚ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው። «የዓለም» የሚባለውም ቢሆን በየአገሩ የገበያ ዋጋ የሚመዘን ነው፤ በ1989 መጨረሻ በዓለም አቀፍ ጠቋሚ የጃፓን ድርሻ ከአርባ በመቶ በላይ ነበር፣ ዛሬ ከአሥር በመቶ በታች ነው። በተወደደ ጊዜ ብዙ የያዘ ፈንድ፣ ሲወድቅ ብዙ ይነካዋል። የዛሬው የዓለም ጠቋሚ ከግማሽ በላይ የሚሆነው አሜሪካ መሆኑን አይርሱ።

ጥያቄ፦ ኒኬይ በ2024 በአንድ ቀን 4,451 ነጥብ ወረደ፣ በታሪክ ትልቁ ነው ተባለ። ይህ ከ1987ቱ ይብሳል? የእኛ አገር ገበያስ ጠቋሚ ይኖረዋል? አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ።

መልስ፦ አይብስም። በ1987 ኦክቶበር 20 ቀን፣ የኒው ዮርኩ ውድቀት ማግሥት፣ ኒኬይ የወረደው 3,836 ነጥብ ቢሆንም በመቶኛ 14.9 ነበር። በ2024 ኦገስት 5 ቀን የወረደው 4,451 ነጥብ ግን 12.4 በመቶ ነው፤ በማግሥቱም 3,217 ነጥብ መልሶ ወጣ። ጠቋሚው በነጥብ ከፍ ባለ ቁጥር ትንሽ መቶኛም ትልቅ ነጥብ ትሆናለች፤ ስለዚህ ዜና ሲሰሙ ሁልጊዜ መቶኛውን ይጠይቁ።

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራውን በይፋ የጀመረው በ2025 ጃንዩዋሪ፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 2017 ሲሆን፣ በመጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው፤ ገዳ ባንክ ተከተለው። የተመዘገቡት ጥቂት ሆነው፣ እነሱም ባንኮች ሲሆኑ የሚሰላ ጠቋሚ ስለ ባንኮቹ እንጂ ስለ አገሩ ኢኮኖሚ ብዙም አይነግረንም፤ ዋጋውም በየቀኑ በሚደረግ ግብይት ካልተፈተነ የትናንቱን ቁጥር ደግሞ ከማሳየት አያልፍም። ጠቋሚ የሚወጣበት ቀን ሲመጣ ሦስት ነገር ተገልጾ እንዲወጣ እመኛለሁ፦ ክብደቱ በአክሲዮን ዋጋ ነው ወይስ በኩባንያው ጠቅላላ ዋጋ፣ የትርፍ ድርሻ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም፣ አባላቱንስ የሚመርጠው ማን ነው? ከዚህ በተጨማሪ፣ የኑሮ ውድነቱ በጃፓን ለዓመታት ባለበት ቆሞ የነበረ ሲሆን በእኛ አገር ግን በየዓመቱ ስለሚጨምር፣ ጠቋሚያችን ሃያ በመቶ አደገ ሲባል በዚያው ዓመት የዕቃ ዋጋ ምን ያህል እንደጨመረ ጎን ለጎን መታተም ይኖርበታል።