የሚነሳ፣ የሚሳብ፣ የሚሽከረከር፦ ስለ እጅ ሥራ የመልካም ምኞት ካርዶች ጥያቄና መልስ

ካርድ በእጄ መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ያበላሸኋቸውን ብቆልላቸው ለሰው ከሰጠኋቸው ይበልጣሉ፤ ስለዚህ የምመልሰው በአብዛኛው ከብልሽቱ ክምር ውስጥ እየመዘዝኩ ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ እስካሁን የሠራሁት ጠፍጣፋ ካርድ ብቻ ነው። ሲከፈት ከውስጡ ምስል ብድግ የሚል መሥራት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከመቀስና ከአንድ ወረቀት። ወረቀቱን ለሁለት ያጥፉ። ከታጠፈው ጠርዝ ተነስተው ሁለት ቦታ ላይ እኩል 3 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ይቁረጡ፤ በሁለቱ መካከል 4 ሳንቲሜትር ያህል ይተዉ። በመካከል የቀረውን ምላስ አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ አጥፈው መስመር ያስይዙት። ከዚያ ካርዱን ከፈት አድርገው ምላሱን በጣትዎ ወደ ውስጥ ይግፉት። ካርዱ በ90 ዲግሪ ሲቆም መሐሉ ላይ 3 ሳንቲሜትር ከፍታና 3 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ደረጃ ይሠራል። ምስልዎን የሚለጥፉት በደረጃው ፊት ላይ ነው።

ከጀርባ የሚታየውን ክፍተት ለመሸፈን ሌላ ወረቀት ያልብሱት። ነገር ግን ከደረጃው በስተጀርባ ሙጫ እንዳይነካው፤ ደረጃው ከተጣበቀ መነሳቱን ይረሱት።

ጥያቄ፦ ደረጃውን ሠርቼ ወፍ ለጠፍኩበት። ካርዱ ሲዘጋ ግን ምንቃሯ በጠርዙ በኩል ብቅ ይላል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ መደመር ረስተዋል። ካርዱ ሲዘጋ ደረጃው ከማጠፊያው እየራቀ ወደ ጠርዙ ይተኛል። ስለዚህ የደረጃው ጥልቀትና የምስሉ ቁመት ተደምረው ከማጠፊያው እስከ ጠርዙ ካለው ርቀት ማነስ አለባቸው። የኤ4 ወረቀት ለሁለት ተቆርጦ፣ ግማሹ እንደገና መሐል ለመሐል ሲታጠፍ ያ ርቀት 10.5 ሳንቲሜትር ነው። በ3 ሳንቲሜትር ደረጃ ላይ 8 ሳንቲሜትር የምትረዝም ወፍ ካቆሙ 11 ይሆናል፤ ግማሽ ሳንቲሜትር ምንቃር ውጭ ያድራል። ወፏን ያሳጥሩ ወይም ደረጃውን 2 ሳንቲሜትር ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ካርዱ በሁለት ገጽ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶም ምስሉ እንዲቆም ማድረግ ይቻላል? ደረጃው ተመልሶ ይተኛብኛል።

መልስ፦ ይቻላል፤ ለዚያ ግን ሌላ ዓይነት አቋቋም ያስፈልጋል። ምስሉን መሐሉ ላይ ለሁለት ያጥፉት። ከግርጌው በግራም በቀኝም 1 ሳንቲሜትር የሚሆን እግር ይተዉለትና እግሮቹን ወደ ኋላ ያጥፏቸው። የምስሉ ማጠፊያ ጫፍ ልክ በካርዱ ማጠፊያ ላይ ያርፋል፤ እግሮቹ ደግሞ ከካርዱ ማጠፊያ ግራና ቀኝ እኩል ማዕዘን ይዘው ይለጠፋሉ። ከላይ ሲያዩት አንደኛው ጫፍ የተገጠመ፣ ሌላኛው የተከፈተ መቀስ ይመስላል። ማዕዘኖቹ ከተዛነፉ ምስሉ ይጨማደዳል፤ አለዚያም ካርዱ አልዘጋም ይላል።

ማዕዘን መለካት ለሚያሰለቸው ሰው (እኔን ጨምሮ) አንድ ዘዴ አለ። አንዱን እግር ብቻ ይለጥፉ። ከዚያ ምስሉን በማጠፊያው አጥፈው በዚያው ገጽ ላይ ያስተኙት። ሁለተኛው እግር ፊቱን ወደ ላይ ሰጥቶ ይተኛል። ሙጫ ይቀቡትና ሌላውን ገጽ ከላይ ይዝጉበት፤ ለአፍታ ይጫኑት። ሲከፍቱት እግሩ ትክክለኛ ቦታውን ራሱ አግኝቶ ተለጥፏል። ይህን ዘዴ ከማወቄ በፊት በፕሮትራክተር ያጠፋሁት ጊዜ ዛሬም ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ ወፍራም ወረቀት ሳጥፍ ማጠፊያው ይሰነጠቃል፤ ቀለሙም ይላጣል። ወረቀቱ መጥፎ ነው?

መልስ፦ ምናልባት በተቃራኒው አቅጣጫ አጥፈውት ይሆናል። ወረቀት እንደ እንጨት ነው፤ በፋብሪካ ሲሠራ አብዛኞቹ ክሮቹ ወደ አንድ ወገን ይተኛሉ። በክሮቹ አቅጣጫ ሲያጥፉት ይታዘዛል፤ አቋርጠው ሲያጥፉት ይሰበራል። ለማወቅ ወረቀቱን ሳያጥፉ በቁመቱ ጎበጥ፣ ከዚያም በወርዱ ጎበጥ ያድርጉት። እጅዎን ብዙም ሳይገፋ የሚጎብጠው ክሮቹ የተኙበት ወገን ነው፤ ዋናው ማጠፊያ በዚያ ይሁን።

ከማጠፍዎ በፊት ደግሞ መስመሩን ይጫኑት። ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ቀለም የጨረሰ እስክሪቢቶና ማስመሪያ ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ፦ የተጫነው መስመር በአንድ ወገን ቦይ፣ በሌላው ወገን እብጠት ይሠራል። አብዛኛው ሰው ወደ ቦዩ ያጥፋል። ትክክሉ እብጠቱ በማጠፊያው ውስጥ፣ ቦዩ በውጭ ሲሆን ነው። እንደዚያ ሲታጠፍ ውጭው አይወጠርም፤ አይሰነጠቅምም።

ለካርዱ አካል በካሬ ሜትር ከ220 እስከ 300 ግራም የሚመዝን፣ ለሚንቀሳቀሱት ክፍሎች ከ160 እስከ 200 ግራም የሚሆን ወረቀት እጠቀማለሁ። የተለመደው የማተሚያ ወረቀት 80 ግራም ነው፤ እርሱ ለሙከራ እንጂ ለመሳቢያ (ሲሳብ ምስሉን ለሚያንቀሳቅሰው ቁራጭ ወረቀት) አይሆንም፤ ሲገፉት ይጣመማል።

ጥያቄ፦ ወረቀቱ ሲሳብ ጀልባዋ በማዕበሉ ላይ እንድትሄድ የሚያደርግ ካርድ ሞክሬ ነበር። መጀመሪያ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ይያዛል። አንድ ጊዜ ደግሞ መሳቢያው ጭራሹን ወልቆ ወጣ።

መልስ፦ ሁለቱ ችግሮች ተቃራኒ ናቸው፤ አንዱ ነፃነት አጥቷል፣ ሌላው ነፃነት በዝቶበታል።

የሚያዘውን እንመልከት። ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ሙጫውን ነው። ብዙ ጀማሪ የሚንቀሳቀስ ካርድ የሚሠራው ጠፍጣፋ ካርድ እንደሚለጥፍ ሆኖ ገጹን ሁሉ በመቀባት ነው። የሚንቀሳቀስ ካርድ ግን ሕይወት ያለው ሙጫ ባልነካው ቦታ ነው። የኋላ መሸፈኛውን በዳር በዳሩ ብቻ ይለጥፉ፤ ቢቻል ስፖንጅ ያለው ባለ ሁለት ፊት ተለጣፊ ይጠቀሙ፤ ውፍረቱ በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ክፍተት ይፈጥራል። ፈሳሽ ሙጫ ካፈሰሱ ደግሞ ውኃው ወረቀቱን ያቆለምመዋል፤ ከተቆለመመ ወረቀት ጋር ምንም መሳቢያ አይስማማም።

ቀጥሎ ስፋቱን ያረጋግጡ። መሳቢያው 2 ሳንቲሜትር ስፋት ካለው፣ ከኋላ ሆኖ የሚመራው የወረቀት ድልድይ ውስጡ 2.2 ሳንቲሜትር ይሁን፤ በየጎኑ 1 ሚሊሜትር ማለት ነው። ከዚያ ቢሰፋ መሳቢያው ዘመም ብሎ ይሄድና በጥግ ይነክሳል፤ ቢጠብ ይታነቃል። አንድ ድልድይ አይበቃም፤ ሁለት ያድርጉ፣ በተቻለ መጠን ተራርቀው። በመጨረሻም መሳቢያውን በሻማ ጀርባ ቀባ ቀባ ያድርጉት። ልዩነቱን እጅዎ ይነግርዎታል።

የወለቀው መሳቢያ ማቆሚያ አልነበረውም። በመሳቢያው ውስጠኛ ጫፍ ላይ 3.5 ሳንቲሜትር የሚሰፋ አግዳሚ ወረቀት ይለጥፉ፤ ድልድዩ ጋ ሲደርስ አላልፍም ይላል። አግዳሚው የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው የጀልባዋ ጉዞ ነው። ጀልባዋ 4 ሳንቲሜትር እንድትሄድ ከፈለጉ፣ መሳቢያው በተገፋበት ሁኔታ ከአግዳሚው እስከ ድልድዩ ያለው ርቀት 4 ሳንቲሜትር ይሁን። ጀልባዋ የምትሄድበት ስንጥቅ ከዚህ ትንሽ ይርዘም፤ አለዚያ ጀልባዋ ራሷ ማቆሚያ ሆና ትቀደዳለች።

ጥያቄ፦ በትንሽ ስበት ትልቅ እንቅስቃሴ እንዴት ይገኛል? ቢራቢሮዬ ክንፏን ሰፋ አድርጋ እንድታርገበግብ እፈልጋለሁ። ደግሞስ ክንፉን በምን ላያይዘው?

መልስ፦ በማንሻ ሕግ። ክንፉን አንድ እምብርት (የሚዞርበት ነጥብ) ላይ ይሰኩት። መሳቢያውን ከእምብርቱ 1 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ያያይዙት፤ የክንፉ ጫፍ ከእምብርቱ በሌላው ወገን 5 ሳንቲሜትር ይራቅ። መሳቢያውን 1 ሳንቲሜትር ወደ ታች ሲስቡ የክንፉ ጫፍ 5 ሳንቲሜትር ገደማ ወደ ላይ ይነሳል። በነፃ የሚገኝ ነገር የለምና ስበቱ ይከብዳል፤ ስለዚህ ክንፉ ቀላል ይሁን።

ለእምብርቱ እግሩ ለሁለት የሚከፈት የብረት ማያያዣ ይሠራል፤ ለኔ ግን ወፍራምና ዐይን የሚስብ ነው። ክር እመርጣለሁ። በክንፉና በካርዱ ቀዳዳ አሳልፌ ከፊትና ከኋላ ትንሽ ዶቃ አደርግበታለሁ። ቋጠሮውን ሳስር ከዶቃው ሥር መርፌ አስገባለሁ፤ አጥብቄ ካሰርኩ በኋላ መርፌውን አወጣዋለሁ። መርፌው የነበረበት ክፍተት ክንፉ እንዲዞር ይበቃል። ልብስ ላይ ቁልፍ የሰፋ ሰው ይህን ያውቀዋል።

በሚንቀሳቀሱ የሥዕል መጻሕፍት የታወቀው ጀርመናዊ ሠዓሊ ሎታር ሜገንዶርፈር (1847–1925) የወረቀት ክፍሎቹን የሚያገናኘው ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠቅልሎ በሚሠራው ጥቃቅን ማያያዣ ነበር፤ አንዱ መሳቢያ ብቻ ሲሳብ ጭንቅላት፣ ክንድና እግር በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ። ምስጢሩ ሁሉም ማንሻ ከአንዱ መሳቢያ ጋር በተለያየ ርቀት መያያዙ ነው።

ጥያቄ፦ ይህ ጥበብ የልጆች መጫወቻ ሆኖ ነው የተጀመረው?

መልስ፦ አይደለም፤ የሊቃውንት መሣሪያ ነበር። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው መነኩሴ ማቲው ፓሪስ በብራና መጽሐፉ ላይ ተሽከርካሪ ክብ ተጠቅሟል፤ ከዚያ ወዲህም የሥነ ፈለክ ሰዎች የፕላኔቶችን ቦታ በሚዞሩ የወረቀት ክቦች ያሰሉ ነበር። ለሽያጭ ከታተሙት የገና ካርዶች የመጀመሪያው የሚባለው፣ በ1843 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ሄንሪ ኮል ለንደን ውስጥ ያሠራው፣ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረውም። የሚሳቡትና የሚነሱት ካርዶች የገነኑት ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ግልጽ ፕላስቲክ ለጥፌ ከኋላው ብልጭልጭ ጨመርኩ፤ ሲነቀነቅ እንዲፈስ ነበር። አሁን ሁሉም ጥግ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል።

መልስ፦ ሁለት ሌቦች አሉ። አንደኛው የፕላስቲኩ የኤሌክትሪክ ሙል ነው። ሁለተኛው የስፖንጁ ተለጣፊ ጠርዝ ነው፤ በጎኑ የሚያልፈውን ሁሉ ይይዛል። ከመዝጋትዎ በፊት ለስላሳ ብሩሽ የሕፃን ፓውደር አስነክተው የፕላስቲኩን ውስጥና የስፖንጁን ጎን ይጥረጉ። ብልጭልጩንም ይቀንሱ፤ ሲበዛ አይፈስም።

ጥያቄ፦ እኔ 13 ዓመቴ ነው። ለጓደኛዬ ልደት የሚነሳ ኬክ፣ የሚሽከረከር ፊኛ፣ የሚበራ ሻማ ያለው ካርድ ልሥራላት አስቤአለሁ። ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን ሁሉንም በአንድ ካርድ ላይ አትጨምሪ። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ሲንቀሳቀሱ ጓደኛሽ የቱን እንደምታይ ግራ ይገባታል። እኔ ብሆን ኬኩን አስነሳና ፊኛውን በክር አንጠለጥለው ነበር። ሁለቱን የፊኛ ቅርጾች ክሩን መሐል አድርገሽ ለጥፊያቸው፤ የክሩን ሁለት ጫፎች ካርዱ ላይ ቆርጠሽ በምትከፍቺው መስኮት ከላይና ከታች ለጥፊያቸው። ፊኛውን ሃያ ጊዜ ያህል አዙሪና ካርዱን ዝጊው። እርሷ ስትከፍተው የተጠመዘዘው ክር እየተፈታ ፊኛውን ያሽከረክረዋል።

መብራቱ በጠፍጣፋ ባለ 3 ቮልት ባትሪና በትንሽ የኤልኢዲ (LED) አምፖል ይሠራል፤ የአምፖሉ ረጅሙ እግር በባትሪው የመደመር ምልክት ባለበት ወገን ይሆናል። ይህን ግን ከትልቅ ሰው ጋር ሆነሽ ሥሪው። ቤታቸው ትናንሽ ልጆች ካሉ ደግሞ ተዪው፤ ያ ባትሪ ከተዋጠ በሰዓታት ውስጥ ጉሮሮን ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ በፖስታ ሲላክ ይጨፈለቃል?

መልስ፦ የታጠፈው አይጎዳም፤ መታጠፍ ተፈጥሮው ነው። ዶቃ፣ ቁልፍና ስፖንጅ ግን በመለያ ማሽን ውስጥ ይሰበራሉ፣ ፖስታውንም ይቀዳሉ። እንዲህ ያለውን በትንሽ ካርቶን ሳጥን አድርገው ይላኩ።

ጥያቄ፦ አያቴ ዐይናቸው አያይም። ሁሌ ካርድ ሲደርሳቸው ሰው ያነብላቸዋል፤ እርሳቸው ይዘውት ብቻ ይቀመጣሉ። ለእርሳቸው የሚሆን ካርድ አለ?

መልስ፦ እንዲያውም የዚህ ሥራ ዋና ባለቤት እርሳቸው ናቸው። ካርዱን ለጣት ይሥሩት። የሥዕሉን ዙሪያ በወፍራም ክር ያስምሩ፤ ክሩን በሙጫ ነክረው ያስተኙት፣ ሲደርቅ ጠንካራ መስመር ይሆናል። ቅርጹ ቀላልና ትልቅ ይሁን፤ አንድ ቅጠል፣ አንድ ቤት። የተለያየ ጨርቅና ሻካራ ወረቀት ይለጥፉ፤ ወለሉ ግን ለስላሳ ይሁን፣ አለዚያ ጣት የሚያርፍበት ያጣል። የታችኛውን የቀኝ ጥግ ትንሽ ክብ አድርገው ይቁረጡት፤ ካርዱ መቆሙን ወይም መገልበጡን ከዚያ ያውቃሉ።

መሳቢያ ካደረጉ ሻማ አይቀቡት፤ እዚህ ላይ ትንሽ መያዙ ጥሩ ነው፣ መንቀሳቀሱ ለእጅ ይሰማል። ከመሳቢያው ጀርባ በድልድዩ ላይ እየነካ የሚያልፍ የጥርስ ቅርጽ ቢቆርጡለት ደግሞ ሲሳብ ቀጭ ቀጭ ይላል። ከዚያ ሰው ሳያነብላቸው በራሳቸው ደጋግመው የሚከፍቱት ነገር ይኖራቸዋል።

ጥያቄ፦ ጽሑፉን መቼ ልጻፍ?

መልስ፦ ከመለጠፍዎ በፊት። አንድ ጊዜ ሁለት ምሽት የፈጀብኝን ካርድ ጨርሼ፣ እስክሪቢቶውን ጫን አድርጌ ስጽፍ ከሥሩ ያለው መሳቢያ ተጨፍልቆ ቀረ። ያም አልበቃ ብሎ ስሙን ተሳስቼ ጽፌዋለሁ።