ድካም የእምነት ጉድለት ነውን?

ጥያቄ፦ በጅማ በቡና ለቀማ ወራት ከንጋት እስከ ምሽት ስለምሠራ፣ ማታ ለጸሎት ስንበረከክ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ልቤም ደርቋል። እምነቴ ጎድሎ ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ድካምዎን እንደ ኃጢአት አይቍጠሩት። በ1ኛ ነገሥት 19 እንደተጻፈው (ምዕራፉን ቀስ ብለው እንዲያነቡት እለምንዎታለሁ)፣ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በክትክታ ዛፍ ሥር ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ ይልቁንም ሁለት ጊዜ ከእንቅልፉ ቀስቅሶ እንጎቻ እንዲበላና ውኃ እንዲጠጣ አደረገው፤ ነቢዩም በዚያ ምግብ ኃይል እስከ ኮሬብ 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጓዘ። ስለዚህ ረጅሙን ጸሎት ለእሑድ አቆይተው፣ ማለዳ ወደ ቡናው ከመውጣትዎ በፊት አንድ አጭር መዝሙረ ዳዊት ይጸልዩ፤ የሌሊት እንቅልፍዎን ግን አይሠዉ። አብረውዎት የሚለቅሙ ምእመናን ካሉም፣ በምሳ ዕረፍት አብረዋቸው ይጸልዩ።