ስሙ ያልታወቀ ወይን ለምን ገዢ ያጣል?

ጥያቄ፦ ባቱ (ዝዋይ) አካባቢ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የማመርት ገበሬ ነኝ። ግማሽ ሄክታሬን ወደ ወይን ልቀይር አስቤያለሁ። ፈረንሳይ የሚኖረው የእህቴ ልጅ «ማርሰላን የሚባል ሻጋታ የማይደፍረው ዝርያ አለ፤ ስመጣ ቁራጩን ይዤልህ እመጣለሁ» ይለኛል። ወይን የሚረከቡ ሰዎችን ሳማክር ግን «ሜርሎ ወይም ሲራ ከሆነ እንነጋገር» አሉኝ። ጥሩ ዝርያ ከሆነ ለምን ይሸሹታል? ልትከለው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ከዝርያው በፊት ስለ ሻንጣው ልናገር። ልጁ ቁራጩን ይዞ እንዳይመጣ ዛሬውኑ ይንገሩት። ፊሎክሴራ የምትባለው ሥር መጣጭ ተባይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይን ወይን ያወደመችው ከአሜሪካ በመጣ የወይን ተክል ላይ ተሳፍራ ገብታ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚገባው በዕፅዋት ኳራንቲን ፈቃድና ምርመራ ብቻ ነው።

ስለ ዝርያው የነገረዎት ግን ከሞላ ጎደል ልክ ነው። ማርሰላን እ.ኤ.አ. በ1961 ካበርኔ ሶቪኞንን ከግረናሽ ጋር በማዳቀል የተገኘ የፈረንሳይ ዝርያ ነው። ሻጋታን ከብዙዎቹ ይሻላል፤ «አይደፍረውም» ማለት ግን ይበዛበታል፣ ርጭት አያስቀርም። የሚገርመው መጀመሪያ ወደ ጎን ያደረጉት ራሳቸው ተመራማሪዎቹ ናቸው። ያን ጊዜ የሚፈለገው ፍሬው ትልቅ፣ ምርቱ ብዙ የሆነ ወይን ነበር፤ የማርሰላን ፍሬ ደግሞ ደቃቃ ነው። ተመዝግቦ ለገበሬ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ዛሬ ቻይናዎች ሳይቀሩ ወደውት ይተክሉታል።

ተረካቢዎቹ ሜርሎ ያሉዎት ባለማወቅ አይመስለኝም። ወይን ጠጅ የሚገዛ ሰው ቀምሶ አይገዛም፤ ቡሹ ሳይከፈት ነው የሚከፍለው። ስሙን ሰምቶት የማያውቀውን፣ አስተናጋጅ ፊት ለመጥራት የሚያፍርበትን ከማዘዝ የለመደውን ያዛል፣ በተለይ እንግዳ ጋብዞ ከሆነ። በዓለም ወደ 10,000 የሚጠጉ የወይን ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ የዓለምን የወይን መሬት ግማሽ የያዙት ግን 33 ብቻ ናቸው። እርስዎ ይህን ከጤፍ ያውቁታል። ዱከም የተባለው ዝርያ ምርታማ ሆኖ ሳለ ገበያው የማኛን ንጣት ይፈልግ ነበር። በ1998 ዓ.ም. የወጣው ቁንጮ ቶሎ የተስፋፋው የአንዱን ምርት ከሌላው ንጣት ስላጣመረ ነው።

የገበሬው ፍርሃት ደግሞ ከጠጪው ይልቅ ምክንያት አለው። ጠጪው ቢሳሳት የአንድ ጠርሙስ ዋጋ ነው የሚያጣው። እርስዎ ግን ሽንኩርት ቢከስርብዎት በሚቀጥለው ወቅት ሌላ ይዘራሉ፤ ወይን ደህና ምርት ለመስጠት ሦስት ዓመት ገደማ ያስጠብቃል፣ ከዚያ ሃያ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆማል።

ጠባዩን ሳያውቁ መትከልም ዕዳ አለው። ባቱ ላይ እንደ አውሮፓ ወይኑን የሚያስተኛ ክረምት የለም፤ ቀን መርጠው ገርዘው የሚቀሰቅሱት እርስዎ ነዎት። ታዲያ በአንድ ቅርንጫፍ ስንት ዐይን (አዲስ ቀንበጥ የሚወጣበትን እብጠት) ይተዉለታል? ቶምፕሰን ሲድለስ የሚባለው ዘር አልባ ወይን ሁለት ዐይን ብቻ ቢተዉለት ቅጠሉን አንዠርግጎ ፍሬ ይነሳዎታል፤ ረዘም አድርገው ነው የሚገርዙት። ቺሊ ውስጥ ካርሜኔር የተባለ ዝርያ ከሜርሎ ጋር ተደባልቆ ተተክሎ ለረጅም ዘመን ሜርሎ ሲባል ኖሯል። ካርሜኔር ከሜርሎ ሳምንታት ዘግይቶ ስለሚበስል አብሮ ሲለቀም ጠጁ ቃሪያ ቃሪያ ይላል። አንድ ፈረንሳዊ የዝርያ አዋቂ እ.ኤ.አ. በ1994 ለይቶ ካሳየ በኋላ ነው በራሱ ጊዜ መለቀም የጀመረው። ጠጪውማ እስከዚያ ድረስ «ሜርሎ» ተብሎ ሲቀዳለት ሲጠጣው ኖሯል!

ቢሆንም በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ወግ አጥባቂዋ የፈረንሳይ የወይን ጠጅ አውራጃ ቦርዶ እንኳ የአየር ንብረቱ ሙቀት አስጨንቋት እ.ኤ.አ. በ2021 ማርሰላንን ጨምሮ ስድስት ዝርያዎችን አስገብታለች። ከአንድ እርሻ 5 በመቶ፣ ከቅልቅሉ 10 በመቶ እንዳያልፉ፣ ስማቸውም ጠርሙሱ ላይ እንዳይጻፍ ተወስኖ ነው። የእኛም ገበያ ሁለት ዓይነት ነው። እዚያው ባቱ የሚመረተው ሪፍት ቫሊ የተባለው ወይን ጠጅ የዝርያውን ስም ጠርሙሱ ላይ ይጽፋል። ጉደር የሚያዝ ሰው ግን «ከየትኛው ዝርያ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ጉደር ጉደር ነው። የማይታወቅ ዝርያ የሚያዋጣው እንዲህ ላለው፣ በራሱ ስም ለሚሸጥ ወይን ጠጅ ነው።

ስለዚህ ግማሽ ሄክታሩን በሙሉ ለማርሰላን አይስጡ። አብዛኛውን ተረካቢ ባለው ዝርያ ይትከሉ፤ ሽንኩርቱንም በአንድ ጊዜ አይተዉ፣ ሦስቱን ዓመት የሚያሻግርዎት እሱ ነው። አዲስ ነገር መሞከር ከፈለጉ በቢሾፍቱ ያለውን የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል መጀመሪያ ይጠይቁ፤ አገር ውስጥ የተሞከረ ዝርያ ካለ ከውጭ ከሚመጣው ይቀድማል። ለሙከራ ሁለት መስመር ይበቃል። ኋላ ገበያው ከተገኘ የሜርሎውን ግንድ ሳይነቅሉ በላዩ ላይ የሌላውን ዝርያ ቁራጭ ግራፍት ማድረግ (አጣብቆ ማብቀል) ይቻላል፤ ሥሩ ስላለ እንደ አዲስ ተከላ ብዙ አያስጠብቅም።

ከተረካቢው ጋር ሲዋዋሉ «ቀይ ወይን» ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍ። የዝርያው ስም፣ ሲለቀም የሚጠበቀው የስኳር መጠን፣ መጠኑ ሳይደርስ ቢቀር ዋጋው ስንት እንደሚሆን በውሉ ላይ ይስፈር።