ጥጥ አይበቃም፦ ስለ ጃፓኑ ከበሮ ለቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የጃፓን ከበሮ (ታይኮ) ትርዒት ለማየት ከልጆቼ ጋር አዲስ አበባ ልንሄድ ነው። ትልቋ ሰባት ዓመቷ፣ ትንሹ ገና ዘጠኝ ወሩ ነው። ድምፁ ጆሮ ይበሳል ይሉኛል። ጥጥ ብወትፍላቸው አይበቃም? የትስ ብንቀመጥ ይሻላል?
እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ አይበቃም። ጥጥ ትንሽ የሚያፍነው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ የታይኮ ጉልበት ያለው ግን ወፍራሙ ላይ ነው፣ እሱ ጥጡን አልፎ ይገባል። ለራስዎና ለትልቋ የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ይግዙ። በጣት እያሹ ያቅጥኑት፣ በሌላው እጅ ጆሮዋን ከላይ ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ይክተቱት፣ ከዚያ እስኪነፋ 30 ሴኮንድ ያህል ደግፈው ይያዙት። ብዙ ሰው ቶሎ ይለቀዋል፤ ግማሹ ውጭ ከቀረ ደግሞ ምንም አልሠራም ማለት ነው። ለሕፃኑ ግን አይክተቱበት፣ አውጥቶ አፉ ውስጥ ቢከተው ያንቀዋል። ለእሱ በልኩ የተሠራ፣ ጆሮ ላይ የሚደፋ መሸፈኛ ነው የሚያስፈልገው። ካልተገኘ አያቱ ጋ ይቅር። ድምፁ 100 ዴሲቤል ከደረሰ ለአዋቂ እንኳ የሚመከረው 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

ኦዳይኮ የሚባለው ግዙፉ ከበሮ አብዛኛውን ጊዜ ከመድረኩ ኋላ፣ መሃል ላይ፣ ከፍ ብሎ ይጋደማል። መቺው ጀርባውን ለተመልካች ሰጥቶ ነው የሚመታው። ፊት ወንበር የያዘ ሰው ደረቱ ይንቀጠቀጣል እንጂ ሁሉንም መቺዎች አንድ ላይ አያይም። ከመሃል ትንሽ ወደ ኋላ፣ መውጫ ጠርዝ ላይ ይቀመጡ፤ ልጅ ቢያለቅስ ሰው ሳይረብሹ ይወጣሉ። ሰገነት ሥር ግን አይሁን፣ ድምፁ እዚያ ይደፈርሳል። ስልክዎንም ይተዉት፤ ወፍራሙን ምት ስለማይችለው የሚቀዳልዎ ጭርርታ ነው።

ጥያቄ፦ ከበሮ እመታለሁ። የእኛና የእነሱ አሠራር ይመሳሰላል? ክረምት ሲገባ ቆዳው ይረግብብኛል፤ እነሱስ ምን ያደርጋሉ?
ዲያቆን፣ ከላሊበላ

መልስ፦ ግንድ ቦርቡሮ የከብት ቆዳ መወጠሩ ላይ አንድ ናቸው። ናጋዶ የሚባለው ዋናው ታይኮ ከአንድ ግንድ ይወጣል፤ የሚመረጠው ኬያኪ የሚባል ጠንካራ ዛፍ ነው። የእኛ ከበሮ አንድ ፊቱ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ስለሆነ ሁለት ድምፅ አለው። የናጋዶ ፊቶች ግን እኩል ናቸው፤ የሚመታውም ባቺ በሚባል ዱላ ነው። መሃሉ ሲመታ «ዶን»፣ ጠርዙ ሲመታ «ካ» ይላል። ተማሪዎችም ምቱን የሚያጠኑት እነዚህኑ በቃል እያሉ ነው፤ የቃል ትምህርት ለለመደ ሰው አዲስ አይሆንበትም።

ዋናው ልዩነት አወጣጠሩ ላይ ነው። የእኛው በጠፍር ይጠፈራል። የናጋዶን ቆዳ ግን በገመድና በክሪክ ይወጥሩታል፣ ሠሪው ላዩ ላይ ወጥቶ በእግሩ ይረግጠዋል፣ ከዚያ ዙሪያውን በምስማር ይቸነከራል። አንዴ ከተቸነከረ ማጥበቅ የለም፤ ዓመታት አልፈው ሲረግብ ቆዳው ይቀየራል። ሺሜ የሚባለው ትንሹና ቀጭን ድምፅ ያለው ግን በገመድ ወይም በብሎን ስለሚታሰር ከትርዒት በፊት ያጠብቁታል። የእኛን እሳት ዳር ወይም ፀሐይ ላይ ማሞቅ የተለመደ ነው። በምስማር የተያዘውን እንዲያ ያደረገ ሰው ግን ቆዳውን ከምስማሩ ሥር ሊቀደው፣ እንጨቱንም ሊሰነጥቀው ይችላል።

ጥያቄ፦ መቺዎቹ ለምን ይጮኻሉ? መቼስ ይጨበጨባል? ጥንታዊ ሥርዓት ነው ሲባል ሰምቼ እንዳላጠፋ ብዬ ነው።
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ከበሮው ጥንታዊ ነው። እንዲህ በቡድን መድረክ ላይ መምታት ግን የጀመረው በ1951 እ.ኤ.አ. ሲሆን ጀማሪውም ዳይሃቺ ኦጉቺ የሚባል የጃዝ ከበሮ መቺ ነው። ጩኸቱ ካኬጎዬ ይባላል፤ ምት ለማቀባበልና ጓደኛን ለማበርታት ነው፣ ቁጣ አይደለም። ጭብጨባው ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ መንዙማ ላይ ጭብጨባ የዜማው አካል ነው፣ እዚህ አይደለም። በምቶች መካከል የሚተዉት ዝምታ ራሱ «ማ» የሚል ስም አለው። ዱላው አየር ላይ ተሰቅሎ ጸጥ ካለ ገና አላለቀም። ዱላውን አውርደው እጅ ሲነሱ ያጨብጭቡ።