ዋጋውን ከመስማታችሁ በፊት መብራቱን ቁጠሩ

ውድ ልጆቼ፣

በንብረት ግመታ ሥራ ሃያ ሰባት ዓመት አገልግያለሁ። ሙያውን ያስተማረችኝ ግን ማይሱሩ የምትባል የደቡብ ሕንድ ከተማ ናት። በእኛ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. ለሁለተኛ ዲግሪ ስሄድ ስሟ ገና ማይሶር ነበር፤ በይፋ ማይሱሩ የተባለችው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 ነው። ባለፈው ዓመት የእኅቴ ልጅ ለትምህርት ወደዚያው ስትሄድ ቤት ላፈላልግላት አብሬያት ተጓዝኩ። አሥር ቀን ስንዞር በየደጁ የምትጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነበር፦ «ጋሼ፣ ይህ ዋጋ ከምን የመጣ ነው?» ያን ጊዜ እየተራመድኩ በቁርጥራጭ የመለስኩላትን ዛሬ ቁጭ ብዬ ለሁላችሁም ልጽፈው። ለትምህርት ወደ ሕንድ የምትሄዱ ብዙዎች ናችሁ፤ በግመታ ሙያ ለመሰማራት የምትዘጋጁም አላችሁ።

ማይሱሩ የዎዲያር ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ዩኒቨርሲቲዋ እ.ኤ.አ. በ1916 የተመሠረተ ነው። እኔ ስደርስባት ዛፍ የበዛባት፣ ጎዳናዋ ሰፊ፣ ጡረተኞች የሚመርጧት ጸጥተኛ ከተማ ነበረች። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገሮች ገፏት። አንደኛው ኢንፎሲስ የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ አዳዲስ ሠራተኞቹን በሺዎች እየሰበሰበ የሚያሠለጥንበት ግዙፍ ግቢ ነው። ሁለተኛው ወደ ግዛቲቱ ዋና ከተማ ወደ ቤንጋሉሩ (ባንጋሎር) የሚወስደው ፈጣን መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 2023 ሲመረቅ ሦስት ሰዓት ይፈጅ የነበረውን ጉዞ ወደ ሰዓት ተኩል ገደማ አወረደው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ነገር ልብ በሉ። የመሬት ዋጋ አስፋልቱን አይጠብቅም። መንገዱ ሲወራ ይጨምራል፤ ቀያሾች ችካል ሲተክሉ እንደገና ይጨምራል፤ ሪባን በሚቆረጥበት ቀን ግን የመንገዱ ጥቅም አስቀድሞ ዋጋው ውስጥ ገብቷል። የዚያን ቀን የሚገዛ ሰው መንገዱን ቀድሞ ከገዛው ሰው ላይ ነው የሚገዛው። «መንገድ ስለመጣ ዋጋው ይወጣል» ሲሏችሁ፣ ስንት ጊዜ ወጥቶ እንዳበቃ ጠይቁ።

በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ዋጋው ከቤቱ ወይም ከሊዙ ጨረታ ጋር ተሸፍኖ ነው የምናየው። በሕንድ መሬቱ ራሱ በግልጽ ይሸጣል፣ ይገዛል። ማይሱሩ ውስጥ ለግንባታ የተሸነሸነ ቦታ «ሳይት» ይባላል፤ የሚጠራውም በጫማ ልኬቱ ነው። «ሠላሳ በአርባ» ካሉ 1,200 ካሬ ጫማ፣ ማለትም 111 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ፊቱ ወደ ምሥራቅ የሆነ ሳይት ለእምነታቸው የተመቸ ስለሆነ ይወደዳል፤ የማዕዘን ቦታም እንዲሁ። የእርሻ መሬት ደግሞ በኤከርና በጉንታ ይለካል፤ 40 ጉንታ አንድ ኤከር ነው። ገንዘቡን በላክና በክሮር ይቆጥራሉ። አንድ ላክ መቶ ሺህ፣ አንድ ክሮር አሥር ሚሊዮን ነው። ይህን ሳታውቁ ከደላላ ጋር አትነጋገሩ፤ ዜሮ ስትቆጥሩ ሐሳቡ ያመልጣችኋል።

ከልኬቱ በላይ ዋጋውን የሚሠራው ወረቀቱ ነው። አጥር የሚጋሩ፣ አፈራቸው አንድ የሆነ ሁለት ሳይቶች ዋጋቸው ሰፊ ልዩነት ሊኖረው ይችላል። አንዱ በከተማው ልማት ባለሥልጣን የተሸነሸነ፣ መንገዱና የፍሳሽ መስመሩ የጸደቀ ነው። ሌላው ገበሬው እርሻውን ያለ ፈቃድ ቆራርጦ የሸጠው ነው፤ «ሬቬኑ ሳይት» ይሉታል። የእርሻ መሬት ላይ ቤት ለመሥራት በወረዳው ዋና አስተዳዳሪ ትእዛዝ አገልግሎቱ መቀየር አለበት። ይህ ካልተደረገ የግንባታ ፈቃድ ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ባንክም አያበድርም። አብሮኝ የተማረ ሕንዳዊ ወዳጄ አባቱ የጡረታ ገንዘባቸውን በእንዲህ ያለ ሳይት ላይ አዋሉት። ባለፈው ዓመት አብረን ሄደን አየነው። አራት የድንበር ድንጋዮች ቆመዋል፤ በመካከላቸው የወፍ ቆሎ ቁጥቋጦ ሰው አህሎ በቅሏል። አባትየው አርፈዋል። ወዳጄ ድንጋዩን በእጁ ዳሰሰና ምንም ሳይናገር ተመለስን። ልጆቼ፣ ርካሽ ቦታ ስታዩ ርካሽ ያደረገው ምን እንደሆነ እስክታገኙ ድረስ አትተኙ።

ስለ ወረቀት ካነሳሁ፣ ኢትዮጵያዊ ጆሮ የሚሳሳትበት አንድ ቃል አለ። «ካታ» ሲሉ የእኛን ካርታ ይመስላል። ካታ ግን ንብረቱ በማዘጋጃ ቤቱ የግብር መዝገብ ላይ በማን ስም እንደተመዘገበ የሚያሳይ ነው፤ ባለቤትነትን ብቻውን አያረጋግጥም። ለባለቤትነት የተመዘገበውን የሽያጭ ውል፣ ከዚያም የቀደሙትን ውሎች ሰንሰለት ማየት ያስፈልጋል። የዕዳና እገዳ ማስረጃም አላቸው፤ ከእኛው ጋር ተመሳሳይ ነው፤ ሳታወጡ አትለፉ።

መንግሥት በየአካባቢው ዝቅተኛ የመመዝገቢያ ዋጋ ያወጣል፤ ማይሱሩ ባለችበት በካርናታካ ግዛት «ጋይዳንስ ቫልዩ» ይባላል። የቴምብር ቀረጥ የሚታሰበው ከዚህ ባላነሰ ዋጋ ነው። ገበያው ከዚያ በላይ ሲሆን ልዩነቱን በጥሬ ገንዘብ ከውል ውጭ የሚከፍሉ ብዙዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2016 መንግሥት የ500 እና የ1,000 ሩፒ ኖቶችን በአንድ ምሽት ሲሽር ካነጣጠረባቸው ነገሮች አንዱ እንዲህ ያለው የተሸሸገ ገንዘብ ነበር። ለገማች ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ መዝገቡ ላይ የተጻፈው ዋጋ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ይህ ሕመም እኛም ዘንድ አለ፤ ወጣት ገማች ሆናችሁ «ከውሉ ላይ ዝቅ አድርገህ ጻፍልን» ስትባሉ ብዕራችሁን አስቀምጡ።

ወደ አፓርታማ ልለፍ። እነርሱ «ፍላት» ይሉታል። ሻጩ «1,200 ካሬ ጫማ፣ በካሬ ጫማ 5,000 ሩፒ» ቢላችሁ 60 ላክ ነው። ይህን ለምሳሌ ብቻ ውሰዱት። ግን የትኛው 1,200? ግድግዳው፣ በረንዳው፣ ደረጃው፣ የአሳንሰሩ ጉድጓድና መተላለፊያው ተከፋፍሎ የተጨመረበት ከሆነ «ሱፐር ቢልት አፕ» ይባላል። በውስጥ እግራችሁ የሚረግጠው፣ ምንጣፍ የሚነጠፍበት፣ «ካርፔት ኤሪያ» ነው፤ ከዚያ 1,200 ውስጥ 840 ብቻ ሊሆን ይችላል። 60 ላክን ለ840 ስታካፍሉት በካሬ ጫማ ከ7,100 ሩፒ በላይ ይሆናል። እ.ኤ.አ. የ2016 የሪል እስቴት ሕግ፣ በአጭሩ ሬራ የሚሉት፣ ሻጮች የካርፔት ስፋትን እንዲገልጹ ያስገድዳል። አልሚው ከገዢዎች ከሚሰበስበው ገንዘብ 70 በመቶውን ለዚያው ግንባታ በተለየ ሒሳብ እንዲያስቀምጥ ያዝዛል፤ የተመዘገበ ውል ሳይኖርም ከዋጋው ከ10 በመቶ በላይ እንዳይቀበል ይከለክላል። በርካታ ቤተሰቦች ያልተጠናቀቀ ሕንፃ ደጅ ከጠኑ በኋላ የመጣ ሕግ ነው። እኔ በጣም አከብረዋለሁ።

ፍላት የገዛ ሰው ከሕንፃው በታች ካለው መሬት ያልተከፋፈለ ድርሻ አለው። ሕንፃ ያረጃል፤ ቀለሙ ይለቃል፤ ቧንቧው ይዝጋል። ዕድሜ ሲገፋ ዋጋውን የሚሸከመው ያ የመሬት ድርሻ ነው። ስለዚህ ሁለት ፍላቶች በስፋት እኩል ቢሆኑም የመሬት ድርሻው ሰፋ ያለው ከሃያ ዓመት በኋላ ሌላ ንብረት ነው።

አሁን እናንተን በቀጥታ ወደሚነካው ልምጣ። ነዋሪ ያልሆነ የውጭ ዜጋ በሕንድ መሬትም ሆነ ቤት መግዛት አይፈቀድለትም፤ ከአምስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ መከራየት ግን ይችላል። ተማሪ ሆናችሁ የምትገናኙት ከአከራይ ጋር ነው።

የኪራይ ውሉ ብዙውን ጊዜ ለአሥራ አንድ ወር ነው። እ.ኤ.አ. የ1908 የምዝገባ ሕግ ከአንድ ዓመት በላይ የሆነ ኪራይ እንዲመዘገብ ስለሚያዝዝ፣ ወጪውንና ጣጣውን ለማስቀረት አንድ ወር ይቀንሳሉ። በየእድሳቱ ጭማሪ ይኖራል፤ መጠኑን መጀመሪያውኑ ውሉ ላይ አስጽፉት። «አድቫንስ» የሚሉት ተመላሽ መያዣ በቤንጋሉሩ እስከ አሥር ወር ኪራይ ይደርስ ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው የሞዴል ሕግ ለመኖሪያ ቤት ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ቢልም፣ ግዛቶች ካልተቀበሉት አያስገድድም። ስትወጡ ለቀለም ማደሻ የአንድ ወር ኪራይ መቀነስም የተለመደ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ገብቼ፣ ለቲኬት ያሰብኩት ገንዘብ ተቆርጦብኝ፣ ወደ አገሬ መመለሻዬን ለሦስት ሳምንት አዘግይቻለሁ። የቤቱን ግድግዳ በገባችሁበት ቀን ፎቶ አንሱ። አከራዩ የውጭ ዜጋ ሲያስገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ለኢሚግሬሽን የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ አንዳንዱ ከዚህ ለመሸሽ እምቢ ይላል፣ ሌላው በዋጋ ላይ ይጨምራል። ሥጋ የማይበሰልባቸው ቤቶችም ብዙ ናቸው። አከራዬ የነበሩት እናት በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ሽሮና ምስር ስሠራ አይተው ኪራዬን በዚያ ዓመት ሳይጨምሩ ትተውታል። ፍርሃታቸው የቤቱ ሽታ ነበር፤ ሲተዋወቁን ፍርሃቱም ዋጋውም ረገበ።

ሌላም መንገድ አለ። «ሊዝ» ይሉታል፤ በአካባቢው ቋንቋ «ቦግያ»። እኛ ከመንግሥት መሬት የምንይዝበት ሊዝ አይደለም። አባቶቻችን ወለድ አገድ የሚሉት ነው። ተከራዩ አንድ ጊዜ ጠቅላላ ገንዘብ ይሰጣል፣ ሁለት ሦስት ዓመት ያለ ወርኃዊ ኪራይ ይኖራል፣ ሲወጣ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ ይመልሱለታል። በወር 10,000 ሩፒ የሚከራይ ቤት በ7 ላክ ቦግያ ተሰጠ እንበል። ያ ገንዘብ ባንክ ቢቀመጥ በ7 በመቶ ወለድ በወር 4,000 ሩፒ ገደማ ያስገኛል። ታዲያ ተከራዩ 6,000 ሩፒ በነፃ አገኘ? እኔ እንደ ገማች ልዩነቱን የአደጋ ዋጋ ብዬ ነው የምጽፈው። አከራዩ ገንዘቡን ለሌላ ዕዳ አውሎት፣ የሚመልስላችሁ ቀጣዩ ተከራይ ሲመጣ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቤቱ ለባንክ በመያዣነት ተይዞ ከሆነ ደግሞ ባንኩ ይቀድማችኋል። ቤተሰብ መሬት ሸጦ ወይም ዕቁብ ጥሎ የላከላችሁን ገንዘብ በዚህ ላይ አታውሉት።

ኪራይንና የሽያጭ ዋጋን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ከሙያው ሁሉ የምወደው ክፍል ነው። ያ የ60 ላክ ፍላት በወር 15,000 ሩፒ ቢከራይ፣ በዓመት 1 ላክ 80 ሺህ፣ ማለትም 3 በመቶ ነው። በሕንድ ከተሞች የመኖሪያ ቤት ኪራይ ባብዛኛው ከዋጋው 2 እስከ 4 በመቶ ነው። ሙሉ ዋጋውን በ8.5 በመቶ ወለድ ተበድሮ የገዛ ሰው አለ ብንል፣ ለወለድ ብቻ በመጀመሪያው ዓመት በወር 42,500 ሩፒ ገደማ ይከፍላል። ኪራዩን እየተቀበለ 27,500 ከኪሱ ይጨምራል። ይህን የሚያደርገው ዋጋው ነገ ይወጣል ብሎ ነው። ኪራይ የሚከፈለው ዛሬ እዚያ የሚኖር ሰው ካለው ደመወዝ ስለሆነ ብዙ ሊያጋንን አይችልም። የመሬት ዋጋ ግን ወደዚያ ሊመጣ ይችላል በተባለ ሰው ስም ነው የሚወጣው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሲሰፋ፣ ከዋጋው ውስጥ ምን ያህሉ መጠለያ፣ ምን ያህሉ ተስፋ እንደሆነ ታያላችሁ። ተስፋው የማን እንደሆነም መጠየቅ ነው። ጎኩላም የሚባለው ሰፈር ዮጋ ሊማሩ ከመላው ዓለም በሚመጡ ሰዎች ኪራዩ ይወደዳል፤ እነርሱ ግን ወራት ቆይተው የሚሄዱ ናቸው። ያን ኪራይ ይዞ የአጠገቡን ሰፈር የሚገምት ይሳሳታል።

ይህን በእግር የማየት ዘዴ ያስተማሩኝ አንድ ሽማግሌ ሕንዳዊ ቀያሽ ነበሩ። «ቀን ሄደህ ድንበሩን እይ፤ ማታ በሁለት ሰዓት ተመልሰህ መብራቱን ቁጠር» ይሉኝ ነበር። ከእኅቴ ልጅ ጋር እንዲሁ አደረግን። ከቀለበት መንገዱ ውጭ ያለ አዲስ መንደር ሄድን። ደላላው ከቤንጋሉሩ የሚመጡ ገዢዎች እየተሻሙበት ነው ብሎን ነበር። በአንዱ መንገድ ዳር አርባ ሳይት ቆጠርን፤ የተገነባው አሥራ ሦስት፣ መብራት የበራበት ስድስት። በየበሩ «ቱ ሌት» የሚል የኪራይ ሰሌዳ ተንጠልጥሏል። መንገዱ ጥግ በጋሪ ላይ የከሰል ካውያ ይዞ ልብስ የሚተኩስ ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው የማን ሸሚዝ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ የማን ቤት ባዶ እንደሆነ ያውቃል። ከጨለሙት አራቱ አሜሪካ የሚኖሩ ሰዎች ቤት እንደሆነ፣ ውኃው ከካቬሪ ወንዝ መስመር ገና እንዳልገባና በቦቴ እንደሚመጣ፣ የተከራዩት ሁለት ቤቶች ስንት እንደሚከፍሉ ነገረን። የእኅቴ ልጅ ሁሉንም በማስታወሻዋ ጻፈች።

በመጨረሻ ለዩኒቨርሲቲው ቅርብ በሆነው ሳራስዋቲፑራም ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራየንላት። ኪራዩ ከዚያ አዲስ መንደር ጥቂት ይበልጣል፤ ወለሉ የቆየ ነው፤ ወጥ ቤቱም ጠባብ። የመያዣውን መጠንና የቀለሙን ጉዳይ ውሉ ላይ አስጻፍን። ከመኝታ ቤቷ መስኮት ማታ ሲታይ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር በርቷል።